ናፍጣ በነጠላ ያጠልል የነበረው ሾፌር

ደባርቅ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ያለው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የእኔ ነው። የትናየት ይሉኛል፤ ሾፌሮቹ በሌለሁበት ሌላም ስም እንዳወጡልኝ አውቃለሁ። ወደ እኔ ሱቅ ደስ ብሎት የሚመጣ ሰው የለም። መኪናው መንገድ ላይ ቆሞበት፣ እጁ በግራሶ ተለውሶ፣ ከተሳፋሪ ጋር ተጨቃጭቆ ነው የሚመጣው። እኔም በበኩሌ ማጽናናት ከተውኩ ቆየሁ። ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ኖዝል የሚጠይቀኝ ሾፌር ምን ሲቀዳ እንደከረመ ከፊቱ አነብበታለሁ፤ እቃውን ከመደርደሪያ ከማውረዴ በፊት ልክ ልኩን እነግረዋለሁ።

የምነግራቸው ደግሞ አዲስ ነገር የለውም። ናፍጣ የሚቃጠል ብቻ አይደለም፣ ፓምፑን የሚያለሰልሰውም እሱ ነው። በየመንገዱ በጀሪካን የሚሸጠው ግን ላምባ፣ አንዳንዴም ውሃ፣ ስለሚቀላቀልበት ይቀጥናል፣ ፓምፑም በደረቁ ይፋተጋል። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት እኔም አላውቅም። ዘይት ቀይሩ እላለሁ፤ ሲጎድል ከላይ ይጨምሩበታል እንጂ እንደ ሬንጅ የጠቆረውን አያወርዱትም። ሊማሊሞን ቁልቁል ሲወርዱ ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥተው ይለቋታል፣ ከዚያ የፍሬን ሸራ ተቃጠለብን ብለው ይመጣሉ። አዲስ መኪና በጥቂት ዓመት ውስጥ ሽማግሌ ያደርጉታል። ሰለቸኝ።

ከእነዚህ ሁሉ መሀል የማልቆጣው አንድ ሰው ነበር፣ ሃብተ ሚካኤል። ከደባርቅ ዳባት፣ ሲገኝም እስከ ጎንደር የሚመላለስ አሮጌ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። በነዳበት ዘመን ሁሉ ከእኔ የገዛው ፊልትሮና ዘይት፣ ጊዜው ሲደርስም የፍሬን ሸራ ብቻ ነው። ለነጋዴ እንዲህ ያለ ደንበኛ ኪሳራ ነው፤ እኔ ግን በሩ ላይ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር። ተቀምጦ ስለ መኪናዋ ያወራኛል። ስለ ራሱ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ከዳባት ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው የተወለደው። አባቱ መሪጌታ ነበሩ፤ እሱንም ለድቁና ነበር ያሰቡት። ዳዊት እስኪደግም ድረስ ተማረ፣ አባቱ ሲያርፉ ግን ቤቱ የሚላስ የሚቀመስ አጣና በሰው መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ወጣ። ከቆሎ ትምህርት ቤት ይዞት የቀረው ልማዱ ነው። ጠዋት ጠዋት መስመር ሳይዘል ዳዊቱን እንደሚደግም ሁሉ መኪናዋንም ሳይዘል ይዞራታል። ዘይቷን ያያል፣ ውሃዋን ያያል፣ ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን ፈታ አድርጎ የተጠራቀመውን ውሃ ያወርዳል፤ ንጹሕ ናፍጣ መውረድ ሲጀምር መልሶ ያጠብቃታል። ከዚያ ነው የሚያስነሳት። የደባርቅን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሌላው ሾፌር ገና ጋቢው ውስጥ ነው በዚያ ሰዓት።

ናፍጣም እንዲሁ አይቀዳም። ከማደያ በዕቃ ያመጣውን እንኳ ወደ ሳልባትዮው፣ ማለት ወደ ነዳጅ ማጠራቀሚያው፣ ሲገለብጥ በነጠላ ቁራጭ አጥልሎ ነው። ነጠላውን አፉ ላይ ወጥረው የሚይዙለት እናቱ እማሆይ ጤናዬ ናቸው። ባላቸው ካረፉ በኋላ ቆብ ደፍተው ከልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ከቆቡ ወዲህ ሃብተ ሚካኤል አንቺ ማለቱን ትቶ እርስዎ ይላቸዋል። እናትና ልጅ ቅዳሴ ላይ የቆሙ ይመስል ዝም ብለው ናፍጣ ሲያጠልሉ ሾፌሩ ሁሉ እያለፈ ይስቅባቸዋል። ጠላ ነው እንዴ የምትጠምቁት ይሏቸዋል። እማሆይም ይስቃሉ።

መኪናዋ የራሱ አልነበረችም። ባለቤቷ አቶ ገዱ የሚባሉ የእህል ነጋዴ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ግን ተታልለው የተማረሩ ሰው ናቸው። ከሃብተ ሚካኤል በፊት የነበሩት ሾፌሮች በጀሪካን ናፍጣ ሁለት ሞተር ስላወረዱባቸው፣ ቁልፉን ሲሰጡት አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉት። የጀሪካን ናፍጣ ቀድተህ ሞተሯ ከተበላሸ ያን ቀን ቁልፌን ታመጣለህ አሉት። እሱም እሺ አለ። ሌላ ሙያ የለውም፣ በዚህ ከተማ መኪናውን ለሰው አምኖ የሚሰጥ ባለ ሀብትም ብዙ የለም። እናትና ልጅ የሚያድሩት በዚያች ቁልፍ ነበር።

ከዚያ ዘመኑ ከፋ። መንገዱ አንድ ሰሞን ይዘጋል፣ አንድ ሰሞን ይከፈታል። የሰሜን ተራሮችን ሊያይ ወደ ጨነቅ የሚወጣ እንግዳ ጠፋ። ማደያው ናፍጣ የሚኖረው አልፎ አልፎ ሆነ፤ መጣ ሲባል ሰልፉ ከከተማው ይወጣል። ሌሎቹ ከጀሪካን ቀድተው ሲሠሩ ሃብተ ሚካኤል ሰልፍ ላይ ያድራል። ሠርቶ ከሚያድርባቸው ቀኖች ወረፋ ጠብቆ የሚያድርባቸው በዙ። እግሩ አብጦ፣ ዓይኑ ቀልቶ ሳየው አንድ ቀን እኔ ራሴ፣ የጀሪካን ጠላቷ፣ ለዛሬ እንኳ ቅዳና ሂድ፣ ሰው ነህ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ የትናየት፣ እኔ ብደክም ተኝቼ እነሳለሁ። እሷ አንዴ ከወደቀች የሚያነሳት የለም» አለኝ።

ነገሩ የሆነው በጾመ ፍልሰታ ሰሞን ነው። ሌሊቱን ሰልፍ ላይ ቆይቶ ናፍጣ አግኝቶ፣ የደረሰውን ያህል ቀድቶ ንጋት ሊል ሲል ቤቱ ገባና እንደ ድንጋይ ወደቀ። ብዙም ሳይተኛ በሩ ተንኳኳ። ዳባት ቀብር የሚሄዱ የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ሬሳው ሳይወጣ አድርሰን ብለው ለመኑት። ተነሣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ሰዎቹ ተሳፍረው ይጠብቁታል። ያን ዕለት ብሎኗን አልነካትም። ያን ዕለት ብቻ።

መንገድ ላይ ካለችው ከወቅን ሳይደርሱ መኪናዋ ማንገራገር ጀመረች። አወረዳቸው፣ ከናፍጣ መስመሯ አየሩን አስወጣና አስነሳት። ትንሽ ሄዳ ደግማ ቆመች። መቆም እንዳለበት አውቆታል፤ ነገር ግን ከኋላው ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ሬሳው ሊወጣ ነው ይሉታል። እንደገና አስነሳት። ዳባት መግቢያ ላይ አንድ ነገር ከውስጧ ቀጭ አለና ጸጥ አለች። ሰዎቹ ቀሪውን በእግራቸው ሮጡ። እሷን አይሱዙ ጎትቶ ወደ ደባርቅ መለሳት።

ያስገቧት ከሱቄ ጀርባ ወዳለው የብርሃኔ ጋራዥ ነው። መካኒኩ ብርሃኔ ፊልትሮውን ፈትቶ በቆረጠው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጠው። ግማሹ ውሃ ነው። ፓምፑን ቢከፍተው ተጣብቆ ነክሷል፣ ኖዝሎቹ ሞተዋል፣ አንዱ ፒስቶንም ተበልቷል። ሾፌሮቹ ጋራዡ በር ላይ ተሰበሰቡ። ናፍጣ በነጠላ የሚያጠልለው ሰውዬ ለካስ ማታ ማታ ከጀሪካን ነበር የሚቀዳው ተባለ። ዓመት ሙሉ እሱን ምሳሌ እያደረግኩ ስሰድባቸው የከረምኩት ሁሉ ያን ቀን ተበቀሉኝ፤ እያንዳንዱ እየመጣ አየሽ አይደል አለኝ። ተናድጄ ወደ ሱቄ ገባሁ።

ሃብተ ሚካኤል አልተከራከራቸውም። ለአቶ ገዱ ብቻ፣ የቀዳሁት ከማደያ ነው፣ የጀሪካን ናፍጣ በእጄ ነክቼ አላውቅም ብሎ ነገራቸው። እሳቸውም አሰቡበት። ነገ ሽማግሌ ይዘን ማደያው ድረስ እንሂድ፣ ያን ሌሊት የቀዱት ሌሎቹም ይጠየቁ፤ ውሃው ከእነሱ ከመጣ አንተ ነጻ ነህ አሉት። ማታውን ቤቱ ሲገባ ከሐሳቡ ግማሹ ቀልሎለት ነበር።

ቤት ውስጥ የሆነውን ራሱ ነው የነገረኝ። አፌ እንደማያርፍ ያውቃል፤ እማሆይ በሕይወት እያሉ ለማንም እንዳልናገር አስምሎ ነው የነገረኝ። አሁን እሳቸውም አርፈዋል፣ መሐላዬም አልቋል።

እራት ላይ ነገ የት እንደሚሄድ አጫወታቸው። ውሃ ገባባት፣ ከየት እንደገባ ልንጠይቅ ነው አላቸው። እማሆይ ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ነኝ የሰጠኋት» አሉ። «ከቆላው ገዳም ለዓይኔ ያመጣሁትን ጠበል። ጠዋት አንተ ደክመህ ተኝተህ ሳለ ወጥቼ፣ ነጠላውን አፏ ላይ ዘርግቼ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ሰጠኋት። ስታስል ሰነበተች አላልከኝም? እኔስ ያየሁትን አይቻለሁ፣ ይበቃኛል። አንተ ግን እንጀራህ እሷ ናት። አንድ ጠብታ ሳላስቀር ነው ያጠጣኋት። አልተሻላትም እንዴ?»

ሃብተ ሚካኤል ዓይናቸው እንዲህ መድከሙን አያውቅም ነበር። ለእሱ አልነገሩትም። የመኪናዋን ብሎን በየማለዳው ሲፈታና ሲያጠብቅ እናቱ በዳበሳ ግድግዳ ይዘው ከጓዳ ወደ በረንዳ እንደሚወጡ አላየም። ይህን ሲነግረኝ ነው ድምፁ የተሰበረው፤ ስለ መኪናዋ ሲያወራ አልተሰበረም።

«ተሽሏታል፣ እማሆይ» አላቸው።

በማግስቱ አቶ ገዱ ሽማግሌዎቹን ይዘው ሱቄ በር ላይ ይጠብቁት ነበር። እኔም አለሁ። መጣ። ማደያው ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ ናፍጣው የጀሪካን ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለና ቁልፉን ዘረጋላቸው። አቶ ገዱ ትንሽ አዩት። ቢቆጡት ይሻል ነበር፤ ሳይቆጡ ቁልፉን ተቀብለው ሄዱ። ሽማግሌዎቹም ተበተኑ። እኔ ግን ያን ሰው አውቀዋለሁ። ያመነውን አንድም ቃል አላመንኩትም። ወደ ውስጥ አስገብቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ አፋጠጥኩት፤ እያረፈ እያረፈ ነገረኝ። አሁኑኑ ለገዱ ልንገራቸው፣ የእናት ነገር ነው ይረዱሃል አልኩት። እሳቸው ቢረዱም ወሬው በአንድ ቀን እናቴ ጆሮ ይገባል፣ የልጄን እንጀራ የቆረጥኩት እኔ ነኝ እያሉ ሊሞቱ ነው አለኝ። ለእማሆይ የነገራቸው ሌላ ነው። መኪናዋ ድናለች፣ እኔ ስለደከመኝ ሌላ ሾፌር ይዟታል ብሏቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ቁልፍ የሰጠው ሰው የለም። ዳባት የገበያ ቀን እህል ይጭናል፣ ያወርዳል። የሚሄደው በሌሎች ሾፌሮች መኪና ተሳፍሮ ነው፤ እነሱም ወንበሩ ላይ ሆነው ናፍጣውን እናጥልልልህ ወይ እያሉ ይቀልዱበታል። መስኮት መስኮቱን ያያል። እኔም ሱቄ ውስጥ ስሙን ሲያነሱት እሰማለሁ፣ ጥርሴን ነክሼ እቃ እቆጥራለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የደከመኝ ጊዜ የለም። መናገር የሚያደክም ይመስለኝ ነበር።

ሚኒባሷን አቶ ገዱ የሚያሠሩበት አቅም አጡ። ጎማዋ ወልቆ፣ በድንጋይ ተደግፋ ብርሃኔ ጋራዥ ውስጥ ቀረች።

እማሆይ ጤናዬን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ጥር ላይ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አንዲት ልጅ እጃቸውን ይዛ ሱቄ በር ላይ አሳረፈቻቸው። ወንበር አወጣሁላቸው። ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል፤ ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዙረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ስለ ልጃቸው አወሩኝ። መንገድ መመላለስ ትቶ ማረፉን ወደውታል፤ ማታ ማታ ግን ወገቡን ያመዋል፣ ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ አሉኝ። ብርድ ይሆናል አልኳቸው።

አንድ ሚኒባስ ከዳባት በኩል መጣ። ጥቁር ጭሱን እየተፋ፣ እየሳለ፣ ኖዝሉ የሚንኳኳው ከሩቅ የሚሰማ ነው። እማሆይ ቀና አሉ።

«የትናየት፣ እሷ ናት?»

እሷ የቆመችበትን ጋራዥ ከሱቄ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው።

«እሷ ናት፣ እማሆይ።»

እስክታልፍ ድረስ ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጧት። ከዚያ ሦስት ጊዜ አማተቡ።

«እልል ነው የሚያሰኝ፣ እንዴት ጠርቷል ድምጿ» አሉ። «ያን ጊዜ ጠበሉን ለዓይኔ ብዬ ሰስቼው ቢሆን፣ ልጄ ሲቸገር ነበር የማይበት።»