ዳባት ገበያ ሄዳለች

ወገኖች፣ ጌታ ለእህቴ ለትርንጎ ያደረገላትን እንድመሰክር ፍቀዱልኝ። እኔ ቤይሩት ስላለሁ የጻፍኩትን ወንድሜ ደሳለኝ ደባርቅ ላላችሁት ያነብላችኋል።

ወሬው የደረሰኝ የአሠሪዬን ልብስ ስተኩስ ነው። ደሳለኝ ደወለና፣ «ደስ ይበልሽ! ሐኪሙ ለትርንጎ ሌላ መድኃኒት ደርቦላት፣ ይኸው ክረምቱ እስኪወጣ አንዴም አላገረሸባትም» አለኝ።

በአፌ ሃሌሉያ አልኩ፤ ልቤ ግን አላለም። በሽታዋን ታውቁታላችሁ። መልቲፕል ስክለሮሲስ ይሉታል፤ የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ነርቮቿን ያጠቃል። ሻል አላት ስንል ተመልሶ እግሯን ይይዛታል፣ ዓይኗን ይጋርዳታል።

«አዲስ መድኃኒት ተገኘ እንዴ?»

«ኧረ ሁለቱም የቆዩ ናቸው። አንድ ላይ ሲወሰዱ ይሻላል አሉ።»

የቆየ በቆየ ላይ? ተስፋ ቢቆርጡ ነው አልኩ በሆዴ። «እስቲ አገናኘኝ።»

«የለችም። ዳባት ገበያ ሄዳለች።»

ካውያውን አስቀመጥኩ። ወገኖቼ፣ አባታችን ያረፉ ጊዜ በየተራ ምን ነበር ያላችሁኝ? «ዳባት ገበያ ሄደዋል!» ሰው አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም ብላችሁ፣ ከተቀበሩም በኋላ ገበያ ትልኳቸው ነበር።

ስለዚህ ጥቁር ለበስኩ። ተንበርክኬ፣ «ጌታ ሆይ፣ አንተ እንኳ አትደብቀኝ» እያልኩ ሳለቅስ ስልኩ ጮኸ። በቪዲዮ ትርንጎ ናት! ዶሮ አንጠልጥላ ዳባት መናኸሪያ በር ላይ ቆማለች።

«አንቺ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«አንቺ።»

«በቁሜ! ዶሮዋ እንኳ ሳትታረድ ለቅሶዬን ተቀመጥሽ?»

አሁንም አላመንኩም። «እስቲ ተራመጂ። ምርኩዝሽስ?»

«ቤት ትቼዋለሁ።» በሩ ላይ በተደረደሩት የእህል ጆንያዎች መሃል ሄዳ ተመለሰች። ክብር ለስሙ! ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሐኪሙ ግን አልሸነገለኝም» አለች። «‹በሽታው አልተነቀለም፤ ማገርሸቱን ነው የሚቀንሰው። ጸልዪ፣ መድኃኒቱንም እንዳታቋርጪ› ነው ያለኝ።»

ያመንኳት ያን ጊዜ ነው። ክፉውንም አልደበቀችኝማ! ጌታ ይመስገን፣ ጥቁሩን አውልቄ ዘመርኩ።

የታመማችሁ ሁሉ፣ ጌታን እመኑት፤ እሱ አልዋሸኝም። ያኔ አባባን ስትቀብሩ እዚያ ለነበራችሁት ግን አንድ ልመና አለኝ። ደሳለኝ፣ ይህቺን እንዳትዘላት። ትርንጎ ቢያገረሽባት በዚያው ቀን ንገሩኝ፤ አብሬ ልጸልይ፣ አብሬ ላልቅስ። ዳባት ሄዳለች ካላችሁኝ ግን፣ እባካችሁ፣ ዳባት ትሁን።