ተለጣፊው ፊደል እስኪመጣ

ላፕቶፑን የገዛሁት ለአጭር ሥልጠና ቤልጅየም ሄጄ ነው። ሱቁ ውስጥ ክብደቱን በእጄ መዘንሁ፤ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ደጋግሜ ጠየቅሁ። መብራት ለሚጠፋበት አገር ሰው ዋናው እሱ ነው። ቁልፎቹ ላይ የታተመውን ግን አላየሁም። ፊደል ያው ፊደል ነው ብዬ።

ሰቆጣ ገብቼ በአማርኛ መጻፍ ስጀምር አ ብዬ ስነካ ቀ፣ ዘ ብዬ ስነካ ወ ይወጣል። መ ጭራሽ ድርብ ሰረዝ ሆኖ አረፈው። ገበያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው ሰው አይቶ ሳቀብኝ።

«የአማርኛው መጻፊያ የሚያውቀው የእንግሊዞቹን የፊደል አቀማመጥ ነው፤ እዚህ ላይ የታተመው የፈረንሳዮቹ ነው። ሳታዪ የምትጽፊ ከሆነ ምንም ችግር የለውም» አለኝ።

እኔ ደግሞ በሁለት ጣት፣ ቁልፍ ቁልፉን እያየሁ ነው የምጽፈው። ስለዚህ ቁልፉ ላይ የሚለጠፍ ፊደል ከአዲስ አበባ እንዲላክልኝ አዘዝሁ።

አባቴ ባይጠብቁኝ ኖሮ ነገሩ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር። ጋዝጊብላ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው፤ እኔም ልጃቸው እንደ ተማሪዎቹ የኔታ ነው የምላቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እኔ ዘንድ ነበሩ። የደብራቸው መዝገብ በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቷል። እዚያ ያስተማሩትን መምህራን ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ የሚያውቅ ከእሳቸው በቀር አልቀረም። ኮምፒውተር ይዤ ስመጣ እንጽፋለን ብዬ ቃል ገብቼላቸው ነበር።

በየጠዋቱ ጸሎታቸውን ጨርሰው አጠገቤ ይቀመጣሉ። «ደረሰ ወይ?» ይላሉ።

«ተለጣፊው አልመጣም፣ የኔታ።»

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ደብተር ላይ ለምን አልጻፍሽም ትሉኝ ይሆናል። ደብተርማ እንደ መዝገቡ ይጠፋል እል ነበር። እውነቱን ለመናገር ኩራት ነው፤ ባሕር ተሻግሬ ያመጣሁት ዕቃ ሥራ ፈትቶ እስክሪብቶ መያዝ አልፈለግሁም።

አንድ ጠዋት ችግሩ ምን እንደሆነ አስረጂኝ አሉ። አስረዳኋቸው። ቁልፎቹን በጣታቸው ዳበሱና ሳቁ።

«ይኼማ አቡጊዳ ነው።»

ገባኝ። ልጅ ሳለሁ ሀ ሁን በዜማ ሸምድጄ፣ ገበታውን ሳላይ አወርደው ነበር። አቡጊዳ ላይ ስንደርስ ግን ተራው ተቀላቅሎ ይመጣል፤ አንዲት ፊደል እንደማላውቅ ያን ቀን ተነቃብኝ። አቡጊዳ የተሠራው እንደ እኔ ላለው ተማሪ ነው።

«ያኔ እይ ስልሽ በቃልሽ ታወርጂው ነበር። ዛሬ አትይ ሲሉሽ ታያለሽ። እኔ ዳዊቴን ሳላይ መድገም ከጀመርሁ ስንት ዘመኔ ነው?» አሉና በጋቢያቸው ጫፍ እጄን ሸፈኑት። «በይ፣ ጻፊ።»

በመጀመሪያው ቀን የጻፍሁት አራት መስመር ነው። በሳምንቱ ገጽ ሞላሁ። እሳቸው ይናገራሉ፤ ስሳሳት በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣንጋ እያጉረመረሙ ይጠብቁኛል። በደብሩ ቅጥር ጥዱን የተከለው መምህር፣ በረሃብ ዘመን ከተማሪዎቹ ጋር ለምኖ ያደረው፣ ድምፁ እስከ ማዶ ቀበሌ የሚሰማው፣ ሁሉም በተራው መጣ። ተራ መዝለል አይወዱም። ስለ ራስዎ ይንገሩኝ ስላቸው «እደርሳለሁ» ይሉኛል።

በአሥራ አንደኛው ቀን የመምህራቸው መምህር ላይ ደረስን። ነገ የመምህሬ ነው፣ ከዚያ የእኔ ብለው ተኙ። በማግስቱ ደረታቸውን አመማቸው፤ ከዚያ አልጋ አልተነሡም።

ተለጣፊው የመጣው አርባቸው ካለፈ በኋላ ነው። ፖስታውን እስካሁን አልከፈትሁትም። ሦስቱን ሳምንት ባስብ ባስብ የማማርረው ሰው የለኝም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

የመምህራቸውን ቦታ ባዶ ተውሁት። የእሳቸውን ግን እጄን በጋቢያቸው ሸፍኜ ራሴ ጻፍሁት። የማውቀው አራት መስመር ብቻ ሆነ።