ኤረር ወንዝ ላይ የሰማሁት ቃል

«ሎላ! ሎላ!» የሚል ጩኸት ከላይ በኩል ሲመጣ እኔና ልጄ የኤረር ወንዝ አሸዋ መሀል ነበርን። ኦሮምኛዬ የገበያ ነው፤ ሎላ ማለት ጦርነት እንደሆነ ግን አውቃለሁ። የልጄ አባት ወታደር ነው። ያን ክረምት ወደ ጠረፍ ተልኮ ወሬው ጠፍቶብን ነበር።

ያን ጊዜ ወንዙ ድልድይ አልነበረውም። በበጋ አህያው ከነጭነቱ ይሻገራል። ክረምት ሲሆን ግን ነጋዴው ዳር ላይ ያራግፋል፤ የወንዙ ዳር መንደር ሰዎች ቡናውንም ማሽላውንም ተሸክመው ያሻግራሉ፤ አህያው ባዶውን ይከተላቸውና ማዶ እንደገና ይጫናል። አያቶቻቸውም በዚሁ ሥራ ነው የኖሩት። እነሱ ሲያሻግሩ በከተማው ግንብ መግቢያ፣ ኤረር በር ያለው ገበያ ይሞላል፤ ወንዙ ሲከለክላቸው ከተማው ይቸገራል። ባሌ ከሄደ ወዲህ እኔም ከማዶ ሙዝ እያመጣሁ በሩ አጠገብ እቸረችር ነበር። ያን ቀን ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ብዬ ልጄን አስከትዬ ገባሁ።

በላያችን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ውሃ ትዝም አላለኝ፤ የታየኝ ጥይት ነው። ልጄን ጎትቼ ጎርፍ ከሸረሸረው ገደል ሥር ወሸቅኋትና በላይዋ ተደፋሁ።

«እማዬ፣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል።»

«ዝም በይ! መድፍ ነው።»

ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ሽማግሌ ሰው፣ ከገደሉ አናት አንገታቸውን አስግገው አዩንና በአማርኛ ጮኹ።

«አንቺ ሴትዮ! እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ጦር መጣ ሲሉ ሰምቼ ነው፣ አባባ!»

«የምን ጦር! ጎርፍ ነው፣ ጎርፍ! ልጅቷን ስጪኝ!»

ለካ ሎላ፣ መጨረሻው ሳብ ሲል፣ ጎርፍ ማለት ነው። ዝናቡ የጣለው ላይ፣ ደጋው ላይ ኖሯል። ልጄን አንስቼ ወደ ላይ ሰጠኋቸው። እንዴት እንዳነሳኋት አላውቅም፤ ከባድ ልጅ ነበረች። ለእኔ የጭነት ገመዳቸውን ለቀቁልኝ። ገደሉ ወገብ ላይ ሳለሁ ውሃው ግንድ እያንከባለለ ደረሰና እግሬን መታኝ። ገመዱ መዳፌን ላጠው። አልለቀቅሁም፤ ሰዎቹም ጎተቱኝ።

ስወጣ ከበቡኝ። አንዷ የምታውቀኝ ተሸካሚ፣ «የወታደር ሚስት፣ ከውሃ ጋር ልትዋጊ ነበር?» ብላ አሳቀቻቸው። እኔ ሳቅ ከየት ይምጣልኝ? የልጄን ፊት፣ ክንዷን፣ ጣቶቿን ዳሰስሁ። ያገኘሁት ጭቃ ብቻ ነው፤ ቁስል የለም።

«ዳንን» አልኳቸው። «ልጄም እኔም ድነናል።»