ዳር ለቆሙት የሚሆነው ሌንስ

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ፎቶ ከማንሳታቸው በፊት ዳር የቆሙትን ያዩ ነበር። ለአሮጌው የፊልም ካሜራቸው ሁለት ትንንሽ ሌንሶች ነበሯቸው። አንዱ ብርሃን ሲያንስም ቶሎ ያነሳል፤ ዳር ያለውን ሰው ግን ያደበዝዛል። ሌላው ሁሉንም እኩል ያጠራል፤ ብርሃን ሲያንስ ግን ሰው ሳይነቃነቅ መቆም አለበት።

ባለፈው ወር ጊምቢቹ ላይ የልጅ ልጄን ስንድር ሰማዩ ጠቆረ። እናቷ ወልዳት ስትሞት ያጠባቻት ሸክላ ሠሪ ለፎቶ ከተሰለፍነው ጫፍ ላይ ቆማለች። ወደ መሃል ልስባት ስል የሙሽራው አባት "እዚያው ይበቃታል" አለኝ። እኔም ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

"ዝናብ መጣ፤ ቶሎ የሚያነሳውን ያድርጉት" አላቸው የሙሽራው አባት ጋሼን።

"በሱ ካነሳሁ እሷ አትታይም።"

"ባትታይስ?"

ጋሼ ሌላውን ሌንስ ገጠሙና "ትንፋሽ ያዙ፤ የተነቃነቀ ይጠፋል" አሉ። ሰው ሁሉ ደርቆ ቆመ። ጠብታው ግንባሬ ላይ ሲወርድ እንኳ አልጠረግሁትም።

ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ የመጣው ጋሼ በተቀበሩ በሳምንቱ ነው። የሴትየዋ ፊት ከነሽብሽቡ ጠርቶ ወጥቷል። "ጋሼ፣ ታየች እኮ" ልላቸው ተነስቼ በራቸው ላይ ስደርስ ነው መሞታቸው ትዝ ያለኝ።