የጆንያው ሥር

ነገሩ በጠቅላላው ያስወጣኝ አንድ የለስላሳ ማቀዝቀዣ፣ ለአንድ ዓመት የሱቄ የኋላ ክፍል፣ እና በሐይቅ ዳሯ ከተማችን በፒያሳ ነጋዴዎች ዘንድ የነበረኝ የብልጥነት ስም ነው።

የጀመረው በጠርሙስ ነው። አንዲት በዕድሜ ልጄ የምትሆን የዩኒቨርሲቲ መምህር ሱቄ ገብታ አዲስና አንድ ዓይነት የሆኑ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ጠየቀችኝ። ማር ልትነግድ ነው ብዬ ዋጋውን ከፍ አደረግሁ።

«ለውኃ ነው፣ ጋሼ» አለች።

«ውኃማ ሐይቁ ሞልቷል። ማን ይገዛልሻል?»

«አልሸጠውም። ድንጋዩና አፈሩ ውኃው ውስጥ ምን እንደሚተዉበት ነው የማጠናው። ደግሞ ፕሮፎርማ ያስፈልገኛል፤ ከሦስት ሱቅ።»

«ለሱ አታስቢ። የሁለቱን ጎረቤቶቼን ማኅተም እዚሁ አስመጣልሻለሁ።»

«ጋሼ! ይሄ እኮ ማጭበርበር ነው።»

«ጉርብትና ነው እንጂ።»

እምቢ ብላ ሦስቱን ሱቅ በእግሯ ዞረች። የዩኒቨርሲቲው ግዢ ክፍል ወረቀቱን ሲያገላብጥ ወራት አለፉ። እየመጣች ጠርሙሶቹን አይታ ስትመለስ አንጀቴን በላችኝና «ውሰጂና ገላግይኝ» አልኳት። ሰው ጭቃ ውስጥ የሚገባው እየሮጠ አይደለም፤ ጫማውን እየጠበቀ ነው።

ከውጭ አገር ተምሮ የሚመለስ ሁሉ ቴሌቪዥን ይዞ ሲመጣ፣ እሷ በሻንጣዋ የውኃ መለኪያ ይዛ መጥታለች። የምርምር ቡድን አለኝ ትላለች። ቡድኑ እሷና ሁለት ተማሪዎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ስብርባሪ ወንበር የተከመረበትን አንድ ክፍል አሳይቷት «እስከ ሰኔ ውጤት ካመጣሽ ያንቺ ነው፤ ካላመጣሽ የስፖርት ዕቃ ይገባበታል» ብሏታል። ክፍሉ ከሌለ ተማሪዎቹ ለሌላ መምህር ይሰጣሉ፤ ቡድን የሚባለውም ነገር እዚያው ያበቃል።

እስከዚያው ብዬ የኋላውን ክፍል ሰጠኋት። ጠርሙሶቹ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ ስትል ደግሞ የማቀዝቀዣዬን ግማሽ ለቀቅሁ። መብራት በፈረቃ ስለነበር ማቀዝቀዣው ግማሹን ቀን ቁም ሣጥን ነበር። ደንበኞች ውኃውን ከለስላሳው ጎን ሲያዩት «ይሄኛው ስንት ነው?» ይሉኛል።

«እሱ የሚጠጣ አይደለም፤ የሚጠና ነው።»

ጎረቤቴ የጨርቅ ነጋዴው ይህን ሰምቶ ስም አወጣልኝ። በየማለዳው ሱቁን ሲከፍት «ፕሮፌሰር! ዛሬስ ውኃው ስንት ገባ?» ይላል። እኔ ግን የኋላውን ክፍል ለምጄው ነበር። የመለኪያው ቁጥር አልረጋ ሲላት እንደ በሬ ታባብለዋለች፦ «ቁም፣ ቁም የኔ ጌታ።» ሱቁ ጭር ሲል በሩ ላይ ቆሜ እሰማት ነበር።

ውኃ ለመቅዳት መኪና አጣች። ያኔ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ቢፒአር በሚሉት የአሠራር ለውጥ ስብሰባ ተጠምዶ፣ የዩኒቨርሲቲው መኪናም አብሮ ይሰበሰብ ነበር። እኔ ደግሞ በአይሱዙዬ የስምጥ ሸለቆውን ገበያዎች እዞራለሁ። «ናሙናውን እኔ አመጣልሻለሁ» አልኳት። አስተማረችኝ፦ ጠርሙሱ በዚያው ውኃ ይለቀለቃል፣ ይሞላል፣ ይከደናል፣ የመንደሩ ስም ይጻፍበታል። አንዱንም አላጓደልኩም። በየገበያው ለደንበኞቼ «የዩኒቨርሲቲ ናሙና ነው» ብዬ አደራ እላለሁ፤ እነሱም ቆየት ብለው ሞልተው ያመጡልኛል።

ውጤቱ ወጣ። የሁሉም መንደር ውኃ ንጹሕ ሆነ። ተማሪዎቹ ጨፈሩ፤ እሷ ግን ወረቀቱን ደጋግማ አገላበጠች።

«ምነው ዶክተር፣ ዕቃው ጥሩ ሲሆን ይከፋል እንዴ?»

«የዚያ አገር ልጆች ጥርሳቸው በልዟል፣ ጋሼ። እንዲህ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ነው፤ ከድንጋዩ ወደ ጉድጓድ ውኃ የሚገባ። ጥርሱና ውኃው አልተስማሙም። አንዱ ይዋሻል።»

«ጥርስ አይዋሽም» አልኳት። ፈረስም ሲገዛ የሚታየው ጥርሱ ነው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጋቢና ገብታ አብራኝ ሄደች። ከአንደኛው መንደር ውኃውን የላከችልኝ ደንበኛዬ በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። መምህሯ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እናቴ፣ የላኩልንን ውኃ ከየት ቀዱት?»

«ከማዶ ምንጭ ነዋ! ለናሙና አይደል?»

«እናንተስ የምትጠጡት?»

«እኛማ ከጉድጓዱ ነው፤ ምንጩ ሩቅ ነው። የጉድጓዱ ጥርስ ያበልዛል። እሱ ለሰው ይላካል እንዴ? ነውር አይደለም?»

እኔም እውነቷን ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። መምህሯ ዞራ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ለእርስዎ ናሙና ማለት ምንድን ነው?»

«ከጆንያው አፍ ላይ የሚደረገው ነዋ። ገዢ አይቶ የሚያምንበት፣ ምርጡ።»

«ለእኔ ከጆንያው ሥር ያለው ነው።»

ስነግድ ስኖር የጆንያውን ሥር አሳየኝ ብሎ ደስ የሚለው ገዢ ገጥሞኝ አያውቅም። ታለቅሳለች ብዬ ስፈራ፣ የአይሱዙው መወጣጫ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ቀና ብላ «ሰኔ ደርሷል» አለች።

ንግዱን ትቼ መኪናውን ለውኃ አዋልኩት። ተማሪዎቹ ከኋላ ባዶ ጆንያ ላይ፣ እሷ ጋቢና። በየመንደሩ «ለሰው የማትልኩትን ስጡን» እንላለን። ሴቶቹ እያፈሩ ይቀዱልናል። አንዷ ጠርሙሱን በነጠላዋ ጫፍ እየወለወለች «ይቅር በሉን» አለችን።

ዩኒቨርሲቲው ውጤቷን በሚሰማበት ስብሰባ ቀን ማቀዝቀዣውን ከነጠርሙሱ ጭኜ ግቢ አስገባሁና የስብሰባው ክፍል በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። መምህሯ ከአንድ መንደር የመጡ ሁለት ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ አቆመች፤ አንዱ በስሕተት የመጣው የምንጩ፣ ሌላው የጉድጓዱ።

«ጥርስ የሚያበልዘው የትኛው ነው?» ብላ ተሰብሳቢዎቹን ጠየቀች።

አንዱ አሸተተው። ሌላው ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየው። ሁለቱም እንደ መስተዋት ናቸው። ከዚያ የየመንደሩን የፍሎራይድ ቁጥር፣ የምንጩንና የጉድጓዱን፣ ጥንድ ጥንድ አድርጋ አሳየቻቸው፤ በሁሉም የጉድጓዱ ይበልጣል። ሰብሳቢውን ገረመው።

«ምንጮቹን ማን አመላከታችሁ?»

«አንድ የናሙና ነጋዴ አለን» አለች፣ ወደ በሩ እያየች።

ክፍሉ ተሰጣት። ወንበሮቹን ተማሪዎቹ በዚያው ዕለት አወጡ። እኔም ማቀዝቀዣዬን ልጭን ስል የግቢው ጥበቃ አስቆመኝ።

«አባቴ፣ የመግቢያ ወረቀት አለዎት?»

«ስገባ አልጠየቅኸኝም።»

«መግባት አይከለከልም። ሲወጣ ነው የመንግሥት ንብረት የሚሆነው።»

መምህሯ ልታስለቅቅልኝ ቢሮ ለቢሮ ስትንከራተት አይቼ «ተዪው፣ ውኃሽ ውስጡ ነው» አልኳት። የንብረት ክፍሉ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፈበት።

በኋላ ልጠይቃት ስሄድ ተማሪዎቹ በዝተዋል። አዲስ የገባ ልጅ ውኃ ይዞ ሲመጣ ነባሮቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ከጆንያው ሥር ነው?» ብለው ነው። ልጁ ጆንያ ይፈልጋል።

የኋላው ክፍል ተመልሶልኛል። ማቀዝቀዣው አልተመለሰም። ጎረቤቴ ዛሬም ፕሮፌሰር ይለኛል። ቡድኑ አለ።