መታወቂያ ላይ ያለው አድራሻ

ሥራዬ በሽታ መቁጠር ነው። ጤና ጣቢያ እሠራለሁ ስል ሰው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ «እስቲ ደም ግፊቴን ለኪኝ» ይለኛል። የሰው ደም ግፊት ከለካሁ ዓመታት ሆኖኛል። ሰኞ ሰኞ የበሽተኞች መዝገብ ይመጣልኛል፤ ኩፍኝ ስንት፣ ወባ ስንት፣ ታይፎይድ ስንት፣ ከየትኛው ሰፈር እያልኩ ቅጽ ሞልቼ ወደ ክፍለ ከተማ እልካለሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሰፈር በሽተኛ ከበዛ እዚያ ሰፈር ውሃው ወይ ፍሳሹ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው፤ ሰው ሳያልቅ ሄዶ ምንጩን መድፈን ነው። ሥልጠና ላይ ሲወራ ደስ ይላል። ሰኞ ጠዋት ግን ቅጽ ነው፣ በቃ።

የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በኪራይ። ከእኔ በታች ያለችው ጎረቤቴ የመቀሌ ልጅ ናት፤ ቦሌ ሚካኤል መጋረጃ ትሰፋለች። ምድር ቤት ደግሞ አንድ አባባ ነበሩ። ሰፈሩ የጤፍ ማሳ በነበረበት ጊዜ እዚሁ የተወለዱ፣ እዚሁ ያረሱ፣ መጨረሻ ላይ በገዛ መሬታቸው ላይ አንድ ክፍል ቤት የደረሳቸው ሰው ናቸው። ልጆቻቸው ሌላ ቦታ ስለሚኖሩ ብቻቸውን ነበሩ። ጎረቤቴ ለራሷ ውሃ ስታፈላ የእሳቸውንም ጨምራ አፍልታ፣ በትንሽ ጀሪካን ጠዋት ጠዋት ታወርድላቸዋለች። «ገለቶሚ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ ያመሰግኗታል። ማንም አላዘዛትም፤ እንዲህ ናት።

ባለፈው ክረምት መብራት በየቀኑ ይጠፋ ነበር። አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ደረጃ ላይ አገኘችኝ።

«አንቺ፣ በሞቴ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄን ውሃ ማፍላት ሰለቸኝ። መብራቱን እንደምታይው ነው፤ ድስቱ ሳይሞቅ ይጠፋል። ሰፈራችን በሽታ አለ እንዴ?»

ደክሞኝ ነበር፤ ቁልፌን እየፈለግኩ ነው የመለስኩላት። «ኧረ ምንም የለም። ትናንት ነው ሪፖርት የላክሁት፤ ከዚህ ሰፈር አንድም ታይፎይድ የለም» አልኳት።

«እፎይ! ገላገልሽኝ» አለች።

አልዋሸሁም። ወረቀቱ እንደዚያ ነበር የሚለው። እኔም ወጥቼ ከቧንቧው አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አባባ ተኙ። ትኩሳት ነበራቸው፤ እሳቸው ግን «ብርድ ነው፣ ያልፋል» ይሉ ነበር። እኔም አንድ ቀን ገብቼ «አባባ፣ ጤና ጣቢያ ይምጡ እንጂ፣ ምርመራ ያድርጉ» ብያቸዋለሁ። «እሺ ልጄ፣ ነገ» አሉኝ። ዛሬ ስል፣ ነገ ሲሉ ቆየን። ሆዳቸው ሲነፋ ጎረቤቴና የብሎኩ ሰዎች ተሸክመው ሆስፒታል ወሰዷቸው። አንጀታቸው ተበስቷል ተባለ፤ በሦስተኛው ቀን አረፉ። ቢሮ ሆኜ ነው የሰማሁት። ስልኩን ዘጋሁና ቅጹን መሙላት ቀጠልኩ፤ ምንም አልተሰማኝም። እንባም አልመጣልኝም።

በማግስቱ ከክፍለ ከተማ ተደወለልኝ። «በታይፎይድ የሞተ ሰው አለ፣ አድራሻው የእናንተ ወረዳ ነው። ውጪና አጣሪ» አሉኝ። አባባ ነበሩ። በዚያ ክረምት ከሰፈራችን የተመዘገቡት የመጀመሪያው የታይፎይድ በሽተኛ እሳቸው ሆኑ፤ ያውም ከሞቱ በኋላ።

ያን ጊዜ ነው መዝገቡን እንደገና የገለጥኩት። ታይፎይድማ ሞልቷል። ግን አድራሻው ጉለሌ ነው፣ ልደታ ነው፣ ኮልፌ ነው፣ ቦሌ ሚካኤል ነው። እነዚህን ሁሉ «ከሌላ ቦታ የመጡ» በሚለው ዓምድ ስጽፋቸው ነበር የከረምኩት። ደግሞ ገረመኝ፤ የልደታ ሰው ስንት ጤና ጣቢያ አልፎ እኛ ዘንድ ምን ሊሠራ ይመጣል? ካርድ ክፍል ወረድኩና አድራሻውን ከየት እንደሚወስደው ሠራተኛውን ጠየቅሁት።

«ከመታወቂያቸው ነዋ! ሰው አፉ ያመጣለትን ይናገራል። እኔ የማምነው መታወቂያ ነው» አለኝ፣ ኮራ ብሎ።

ወይ ጉድ! ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው መታወቂያ መቼ ይቀይራል? ለመቀየር ከድሮው ወረዳ መሸኛ የሚሉትን ደብዳቤ ማስጻፍ አለበት፤ ሄዶ ሲሰለፍ ፋይሉ የለም ይሉታል፣ ነገ ና ይሉታል፣ ሰውየው የለም ይሉታል፤ ይተወዋል። የእኔ ራሱ የተወለድኩበት ሰፈር ነው፤ ሰሚት ስኖር ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ያን ሰሞን ታምሜ ቢሆን ኖሮ ራሴን በገዛ እጄ ከሰፈሬ አስወጥቼ እመዘግብ ነበር። በብሎካችን አድራሻውና መታወቂያው አንድ የሆነው ሰው አንድ ብቻ ነበር። ከሰፈሩ ወጥተው የማያውቁት አባባ።

ቁጭ ብዬ በየካርዱ ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። «የት ነው የሚኖሩት?»

«ሰሚት።»

ሌላው ጋ ደወልኩ። «ሰሚት። ምነው?»

«ብሎክ ስንት?»

«ምነው፣ ልትመጪ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ አንዱ። ብሎኩን ነገረኝ። የእኔ ነበር። የቀሩትም ወይ የእኔ ብሎክ ናቸው፣ ወይ ከጎናችን ያለው። የሁለቱ ብሎኮች የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ግቢው ውስጥ ከተቀበረው አንድ የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ነው።

ጉድጓዱ ተከፈተ፣ ናሙና ተወሰደ። አጠገቡ ያለው የሽንት ቤት ፍሳሽ መስመር ተሰንጥቆ ወደ ውሃው ይሰርግ ነበር። ፍሳሹ ተጠገነ፣ ጉድጓዱ ታጠበ፣ ክሎሪን ተደረገ። የብሎኩ ኮሚቴ ስብሰባ ጠራና ሊቀመንበሩ «ይቺ ልጅ ባትኖር ኖሮ አልቀን ነበር» ብሎ አስጨበጨበልኝ። ተነስቼ እጅ ነሳሁ። ተናደድኩ፣ አፈርኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ደንዝዤ ነበር። ጭብጨባው የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

እሑድ ከሰዓት ጎረቤቴ ቤት ወረድኩ። ሳልቀመጥ ነገርኳት፤ ደረጃው ላይ ምንም የለም ያልኳት ጊዜ በሽተኞቹ እንደነበሩ፣ ሌላ ሰፈር አድርጌ ስጽፋቸው እንደነበር፣ ሁሉንም። እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ። ሄዳ በሩን ዘጋችው።

«አንቺ ለእኔ ነው የነገርሽኝ» አለች። «ለእሳቸው የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከቧንቧው ይጠጡ፣ ደህና ነው ተብሏል አልኳቸው። በጀሪካን ማመላለሱ ደክሞኝ ነበር። ደስ ነበር ያለኝ፣ ታውቂያለሽ?» ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ልጆቻቸው ለአርባው ይመጣሉ። በእናትሽ፣ እንዳትነግሪያቸው። ስለ እኔ እንዳትነግሪያቸው።»

«አልነግርም» አልኳት። ለእሷ ብዬ ይሁን ለራሴ ያን ጊዜ አልጠየቅኩም።

አርባው ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ወጣ። ጸሎቱ አልቆ ሰው ከተመገበ በኋላ ታላቁ ልጃቸው ብድግ አለ። መናገር የለመደ ሰው አይደለም፤ ባርኔጣውን በእጁ ያሻሽ ነበር። ጎረቤቱን ሁሉ አመሰገነ። ከዚያ ወደ ታችኛዋ ጎረቤቴ ዞረ።

«አባቴ በስልክ ሁልጊዜ ስለ አንቺ ያወሩኝ ነበር። እኛ ልጆቻቸው ያላደረግነውን፣ እስከ መጨረሻው ቀን ውሃ አፍልተሽ ያጠጣሻቸው አንቺ ነሽ። እግዜር ይክፈልሽ» አለና ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ።

እሷ ትከሻውን ይዛ አቆመችው። «ተው ወንድሜ» አለች። «እስከ መጨረሻው አይደለም። አቁሜ ነበር። ሳይፈላ ነው የጠጡት።»

ሰውየው የሰማውን ያላመነ ይመስላል፤ ቆሞ አያት። «ለምን?» አላት ቀስ ብሎ። «ውሃው ደህና ነው ያለሽ ሰው ነበር?»

ሁለት ወንበር ብቻ ነበር በእኔና በእሷ መካከል። አላየችኝም፤ ወደ እኔ አንዴም አልዞረችም።

«ማንም አላለኝም» አለችው። «ሰልችቶኝ ነው።»

እኔ አፌን አልከፈትኩም።