የአዳፍኔው አፍ

ዛሬ የወንድሜን ልጅ ከትምህርት ቤት ሳመጣ አውቶቡስ ስላመለጠን በሬክስዴል መናፈሻ አቋርጠን ሄድን። ከጦርነት መታሰቢያው ሐውልት አጠገብ አንድ የድሮ አዳፍኔ ቆሟል፤ ቦምብ ወደ ላይ ይተፋ የነበረ አጭርና ወፍራም መድፍ ነው። ዝናብ ያራሰው ብረት ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ቶሮንቶ መሆኔን ረሳሁ።

የተማርኩበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥም ጣሊያን ጥሎት የሄደ እንዲህ ያለ አዳፍኔ ነበር። በጣም ዓይን አፋር ስለነበርኩ ዘበኛው አባባ ተሰማ ይጠሩኝና፣ "ነይ እስቲ፣ ለእሱ ንገሪው። ዕድሜውን ሲጮህ ኖሯል፤ አሁን መስማት የሱ ተራ ነው" ይሉኛል። ወደ አፉ ጎንበስ ብዬ ስናገር ድምፄ ወፍሮ፣ የትልቅ ሰው ሆኖ ይመለስልኛል።

ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩ ዕለት አባቴ ካርዴን ሊወስድ መጣ። ከዚያ በኋላ ቤት እንድውል ወስኗል። እሱ ቢሮ ሲገባ እኔ ወደ አዳፍኔው ሮጥኩና "ዘጠነኛ መማር እፈልጋለሁ!" ብዬ ጮህኩበት።

አባባ ተሰማ ከት ብለው ሳቁ። "ጎሽ የኔ ልጅ! ያው አባትሽ ወጣ፤ ይችኑ ለሱም ድገሚለት።"

"ምኑን ነው የምትደግምልኝ?" አለ አባቴ።

"ምንም" አልኩ።

ካርዴን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ተከትዬው ወጣሁ።

"አክስቴ፣ ምን እየሰራሽ ነው? ሌትስ ጎ!" አለችኝ የወንድሜ ልጅ። ለካ ሳላስበው ወደ አዳፍኔው ጎንበስ ብያለሁ። አፉን በሲሚንቶ ደፍነውታል።